ያሰርከውን ፍታ

ሌላው ሰው አዲስ አገር ሲገባ መጀመሪያ የሚያጠያይቀው የኪራይ ቤት ነው፤ ቀጥሎ ደህና ምግብ ቤት። እኔ ግን የማጠያይቀው ውሃ ነው። የሚጠጣውን አይደለም፤ ዓሣ ያለበትን። ይህ አመሌ አንድ ቀን በእሾህ አጥር ውስጥ መውጫ አሳጥቶ እንደሚያስቀምጠኝ ባውቅ ኖሮ፣ ቆቦ ስገባ እንደ ሰው አርፌ ቤት እፈልግ ነበር።

እኔ የባሌ ልጅ ነኝ። ያደግሁት በዌብ ወንዝ ዳር ነው። አባቴ ዓሣ ለማጥመድ የሚመጡ ፈረንጆችን እየመራ ነበር ያሳደገን። እነዚህ ፈረንጆች ትል አይነኩም። መንጠቆው ላይ ላባና ፀጉር በቀጭን ክር እየጠመጠሙ በራሪ ነፍሳት ያስመስሉታል። ከዚያ ረጅሙን ክር በዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወናጨፉ ላባውን ውሃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ብቅ ብሎ ይጎርሰዋል። በቋንቋቸውም ያንን የላባ ሥራ ዝንብ ነው የሚሉት። አባቴም ዝንብ ብሎ ጠራው፤ ከአባቴ ሰምቼ እኔም ዝንብ አልኩት።

አባቴ ዝንብ በማሰር ፈረንጆቹን ይበልጣቸው ነበር። ሲሞት ከተወልኝ ነገር ሁሉ የምሳሳላት፣ ዓይኑ ከደከመ በኋላ በዳሰሳ ያሰራት አንዲት ዝንብ ናት። ትንሽ ወልገድ ያለች ናት። አንድም ቀን ውሃ አላስነካኋትም።

ቆቦ የመጣሁት የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ለመጠገን ተቀጥሬ ነው። ጊዜው ባጃጅ በከተማው ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው። ሥራዬን እንደያዝኩ «ዓሣ ያለበት ወንዝ የት ነው?» ማለት ጀመርኩ። የሥራ ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

«ዓሣ? ቆቦ? ወንድሜ፣ እዚህ አገር ዓሣ የሚገኘው ሁዳዴ ሲገባ ከሐይቅ በመኪና መጥቶ ነው» አለኝ አንዱ።

ሌላው «ሆርማት ሂድ፣ ሞልቶልሃል» አለኝ። አምኜው ሄድኩ። ሆርማት ስደርስ ግመሎች ወንዙን እየተሻገሩ ነበር፤ የአንዳቸውም ኮቴ አልረጠበም። ሰኞ ቢሮ ስገባ ሳቁ ከበር ጀመረኝ።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም። እሑድ እሑድ የጎሊናን ወንዝ ይዤ ቁልቁል መውረድ ጀመርኩ። ወንዙ በሜዳው ላይ ሲሄድ ሰልሎ ሰልሎ ያሳዝናል። ከዞብል ተራራ ሥር ግን በሁለት ቋጥኝ መሐል ተጨንቆ ሲያልፍ ጥልቅ ኩሬ ሠርቷል። አጎንብሼ ሳይ ከሥሩ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ትልልቅ ዓሦች ይንሸራሸራሉ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

ያ ዓመት ለራያ ክፉ ዓመት ነበር። በልጉ ቀርቷል። ክረምቱም ይገባል የተባለበት ጊዜ አልፎ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ነጥቶ ቀረ። ማሽላው ከመሬት ብቅ ብሎ እዚያው ደርቆ ቆሟል። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ደመና ሲፈልግ፣ እኔ ደግሞ ፓምፕ ስጠግን እየዋልኩ አጎንብሼ ዓሣ እፈልግ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የወፍጮ ቤት ሞተር ተበላሽቶ ጠሩኝ። ስሄድ ከገበያ ገብስማ ዶሮ ገዝቼ ነበር። የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ያ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ፣ ለዝንብ የሚስተካከለው የለም። ሞተሩን አስነስቼ ስጨርስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የዶሮውን የአንገት ላባ እየመረጥኩ መንቀል ጀመርኩ። አንድ ማሽላ ሊያስፈጭ የመጣ ገበሬ አጠገቤ ቆሞ አየኝ።

«ወንድም፣ ይኼን ላባ ምን ልታደርግበት ነው?» አለኝ።

ሞተሩ ያንባርቃል። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዝንብ ላስርበት!» አልኩት።

«ምን?»

«ዝንብ! ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ዝንብ አስራለሁ!»

ሰውዬው ዶሮውን አየ፤ እኔን አየ። «ገብስማ ብቻ ነው የሚሆነው?»

«ለዚህ አገር ገብስማ ነው የሚይዘው!»

«ከዚያስ የት ነው የምትጥለው?»

«ጎሊና፣ ከቋጥኙ ሥር!»

ሌላ አልጠየቀኝም። ያላስፈጨውን ማሽላ መልሶ ተሸክሞ ወጣ። ወረፋው ሰልችቶት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ኩሬው ላይ ነበርኩ። ክሩን ወደ ኋላ ወረወርኩና ወደ ፊት ልመልሰው ስል እምቢ አለኝ። ቁጥቋጦ የያዘው መስሎኝ ዞር ስል ክሩን በእጁ የያዘው ያ የወፍጮ ቤቱ ሰው ነው። ከኋላው ዱላ የያዙ ጎረምሶች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ቆመዋል። ከኋላዬ ጥልቅ ኩሬ፣ በግራና በቀኝ ቋጥኝ ነው።

«በቃ» አለኝ ሰውዬው። ስሙ ሞላ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። «ሸህ ይማም ይፈልጉሃል።»

ዘንጌንም፣ ዝንቦቼን የምይዝባትን የቆርቆሮ ሣጥንም ወስደው ከተራራው ሥር ወዳለች መንደር ይዘውኝ ሄዱ። ግቢው በወፍራም የእሾህ አጥር የታጠረ ነው። ከገባሁ በኋላ አንድ ትልቅ የእሾህ ቅርንጫፍ ጎትተው በሩን ዘጉት። ከቁርቁራ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ሴቱም ወንዱም ግቢውን ሞልቶታል። መሐል ላይ ነጭ ጢማቸውን የለቀቁ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሽማግሌ አሉ። ሸህ ይማም እሳቸው ናቸው። ወተት በቅል አስመጥተው ሰጡኝ።

«ጠጣ ልጄ። እኛ ቤት እንግዳ አይመታም» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን ምን አጥፍቼ ነው?»

«ያሰርከውን እስክትፈታ እንግዳችን ነህ።»

ነገሩን በለሆሳስ ነው ያሉት፤ እኔ ግን በሩን ዞር ብዬ አየሁ። ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ እሾሁ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ሞላ ታስራለህ ይላል። እውነት ነው?» አሉ ሸህ ይማም።

ስለ ዝንቦቼ እንደሚጠይቁኝ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠርኩም። የወንዙ ዓሣ የጋራ ይሆናል፣ ሳላስፈቅድ አጥምጄ ይሆናል ብዬ ነው ያሰብኩት። «እውነት ነው» አልኩ።

ግቢው ተንሾካሾከ።

«ማን አስተማረህ?»

«አባቴ።»

«አባትህንስ?»

«ፈረንጆች።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኡ ኡ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች።

«ለማን ብለህ ነው የምታስረው? ማን ላከህ?»

«ኧረ ማንም አልላከኝም። ለደስታዬ ነው።»

«ለደስታው!» አለ ሞላ ብድግ ብሎ። «ሰማችሁ? ለደስታው!»

ሸህ ይማም በእጃቸው አስቀመጡት። «ኩሬው ውስጥ ማነው ያለው?»

«ትልልቆቹ ከታች ናቸው» አልኩ፤ ነገሩን ለማለዘብ ፈገግ እያልኩ። «ላባውን ሲያዩ ይወጣሉ። ጠዋትና ማታ ነው የሚወዱት፤ ቀትር ላይ አይወጡም።»

ሙስሊሙ «አዑዙ ቢላህ» አለ፤ ክርስቲያኑ አማተበ። እኔ ጭራሽ ግራ ገባኝ። እንግዲህ አስቡት፣ አንዲት ቃል አልዋሸሁም፤ ግን በእያንዳንዱ እውነት ራሴን ወደ ገደል እየገፋሁ ነበር።

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ከሰው መሐል ወጡ። እትዬ ፋጤ ይሏቸዋል። ባላቸው ሞቶባቸው አንዲቷን ማሳ በራሳቸው የሚያሳርሱ ሴት ናቸው። በእጃቸው የያዙትን የደረቀ የማሽላ ቡቃያ ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ሲነኩት ብስኩት ይመስል ይንኮታኮታል።

«ይኼን እያየህ እንቅልፍ ይወስድሃል? እኔ ምን በደልኩህ? ዝናቤን ፍታልኝ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወፍጮ ቤቱ፣ ያ የሚያንባርቀው ሞተር፣ የሞላ ያልተፈጨ ማሽላ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ዝንብ ነው ያልኩት። ዝናብ ነው የሰማው።

«ኧረ በሥላሴ! ዝናብ አይደለም፣ ዝንብ ነው! ዝንብ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሱን አይደል የምንልህ?» አለ ሞላ።

«ዝ-ን-ብ! የሚበረው!»

ከዚያ አንዱ ጎረምሳ «ዝንብ ነው የሚያስረው? አንገቷን ነው ወይስ ወገቧን?» ሲል ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ግን ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። ሞላ ፊቱ ጠቁሮ «በርሃባችን ያሾፋል!» አለና ዱላውን ጨበጠ። አልፈረድኩበትም። እናንተ ራሳችሁ ፍረዱ፦ ዝናብ የሚያስር ሰው እንዳለ ከአያት ከቅድመ አያት ሰምታችኋል። ዝንብ የሚያስር ሰው ግን የት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮ የማያውቀውን ነገር ወደሚያውቀው ያዞረዋል።

ሣጥኔን ከፈቱት። ውስጡ ገብስማ ላባ፣ ቀይ ክር፣ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። በውስጤ «አለቀልኝ» አልኩ፤ እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን በራሴ ላይ የምፈርድ ነው የመሰለኝ።

«በል» አሉ ሸህ ይማም። «ፍታ።»

ልፈታ ተቀመጥኩ። ክሩን በጥፍሬ እየፈለግሁ፣ ላባውን እያላቀቅሁ፣ መንጠቆውን ለብቻው አስቀምጣለሁ። አንዱን በፈታሁ ቁጥር ግቢው በሙሉ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። ሰማዩ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ዓይን ወደ እኔ ይመለሳል፤ ሌላ አነሣለሁ። ፀሐይዋ ከቁርቁራው ወዲያ አልፋ እግሬን ታቃጥለኝ ጀመር። መነሣት አልችልም።

እየፈታሁ ሳስበው ወጥመዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ታየኝ። ፈትቼ ቢዘንብ፣ ያሰርኩት እኔ እንደነበርኩ ተመሰከረ፤ ሰማይ አስሮ ሰው ያስራበ ማን በሕይወት ይለቀዋል? ፈትቼ ባይዘንብ ደግሞ፣ ያልፈታሁት አለ ማለት ነው። ዘነበም አልዘነበም እኔ ወጪ አይደለሁም። አለቀሰ ብላችሁ አታፍሩብኝ፤ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ሣጥኑ ውስጥ የአባቴ ዝንብ ብቻዋን ቀረች። ሣጥኑን ዘጋሁት።

«እሷስ?» አለ ሞላ።

«ይህች የአባቴ እጅ ናት። ይህችን አልፈታም።»

«ዋናዋ እሷ ናታ! ድሮም ያስተማረው አባቱ ነው!»

ጎረምሶቹ ተነሡ። ሸህ ይማም «ልጄ፣ አታስጨርሰን። ፍታትና ግባ ወደ ቤትህ» አሉኝ። ድምፃቸው ልመና ነበረበት፤ እሳቸውም የሚመጣውን ማቆም እንደማይችሉ ያን ጊዜ ተረዳሁ። ነገሩ እዚህ ላይ ጠበበብኝ። አንድ ቋጠሮ ብፈታ ከዱላ እድን ይሆናል። ግን አባቴ ብርሃን ባጣ ዓይኑ የቋጠራት ናት፤ ጣቱ ያለበት ሌላ ነገር በምድር ላይ የለኝም። ዝንቧን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ አጎነበስኩ። ከአባቴ ጋር ወንዝ ዳር የምናወራው በኦሮምኛ ነበርና፣ ሳላስበው በዚያው አፌ «ቲቲሳ አባ ኮ፣ ቲቲሳ አባ ኮ» ማለት ጀመርኩ። የአባቴ ዝንብ ማለቴ ነው።

«ቆዩ!» አሉ ሸህ ይማም።

ጎረምሶቹ ቆሙ። ሸኹ ምርኩዛቸውን ተደግፈው መጡና ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። «ምን አልክ?»

«ቲቲሳ።»

«ድገመው እስቲ።»

«ቲቲሳ።»

ዓይናቸው ራቅ ያለ ነገር የሚያይ መሰለ። «አያቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ አፏ ኦሮምኛ ነበር፤ ወተት ስትንጥ በነጠላዋ ጫፍ ቲቲሳ፣ ቲቲሳ እያለች ታባርር ነበር። ከሷ ወዲህ ይቺን ቃል ከሰው አፍ ሰምቻት አላውቅም።» ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ የተሰበረ ነገር እንደሚገጣጥም ሰው ቀስ እያሉ «ሮባ... ሮባ ሚቲ?» አሉኝ። ዝናብ አይደለም ወይ ማለታቸው ነው።

«ሮባ ሚቲ!» ብዬ ጮህኩ። «ሮባ ሚቲ ሸህ! ቲቲሳ!»

ሸህ ይማም ቁጢጥ እንዳሉ ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ሰዉ ዞሩና እጃቸውን ፊታቸው ላይ እያወናጨፉ «ጀመዓ! ሰውዬው ያሰረው ይኼን ነው! ይኼን ጢዝ የሚለውን! ወላሂ ዝንብ ነው!» አሉ።

መንጠቆውን አሳየኋቸው፤ ዓሣው እንዴት እንደሚታለል ነገርኳቸው። አሁን ጆሮው ተከፍቷልና ሁሉም ሰማ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሞላ ራሱን ይዞ «ለዝንብ ብዬ ነው ማሽላዬን ሳላስፈጭ የተመለስኩት?» ሲል ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ እንኳ ሳቀ። እሾሁን ጎትተው በሩን ከፈቱልኝ። ዘንጌን ሰጡኝ።

ልወጣ ስል አንድ ሰው ብቻ እንዳልሳቀ አየሁ። እትዬ ፋጤ እዚያው፣ ከፈታኋቸው ላባዎች አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ያን የደረቀ ቡቃያ መልሰው ይዘውታል።

«እንግዲያ ማነው የሚፈታልን?» አሉ። ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

እግሬ በሩ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሊገድሉኝ የሚፈልጉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ተስፋቸው እኔ ነበርኩ። ያሰረ ሰው ካለ ይለመናል፣ ይገረፋል፣ ይፈታል። ያሰረ ሰው ከሌለ ግን ሰማይን ማን ይይዘዋል? እኔ ንጹሕ ሆኜ በወጣሁባት ሰዓት እሳቸው ላይ በሩ ተዘጋ።

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሣጥኔን ከፈትኩ። «እትዬ ፋጤ፣ ይህችን ልፍታልዎት።»

«ዝንብ አይደለች እንዴ?»

«ናት።»

«ታዲያ ምን ትሠራልኛለች?»

«ምንም። የቀረችኝ ግን እሷ ናት።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። የክሩን ጫፍ እሳቸው ያዙ፤ እኔ መንጠቆውን ያዝኩ። አባቴ በዳሰሳ ያጠበቃትን ቋጠሮ ዞር በዞር ፈታናት። ላባዋ ጭናቸው ላይ ወደቀች። ቀና ብሎ ሰማይ ያየ ማንም አልነበረም። እትዬ ፋጤ ክሯን ጠቅልለው መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

ዘነበ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልዘነበም፤ በማግስቱም አልዘነበም። ዝናቡ የመጣው በራሱ ጊዜ፣ የማሽላው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሰዉ መሬቱን ገልብጦ ጤፍ ዘራበት፤ እንደምንም ከረመ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት የራሴን እውነት ብቻ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ያላደረግሁትን አላደረግሁም ብሎ በሩን ዘግቶ መሄድ በቂ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የተጨነቀ ሰው መጥቶ እኔ ያላሰርኩትን ፍታልኝ ሲለኝ «እኔ አይደለሁም» ብዬ አልሸኘውም። አጠገቡ እቀመጣለሁ። የምፈታው ነገር ባይኖረኝ እንኳ የክሩን አንድ ጫፍ እይዛለሁ።

ጤፉ በታጨደበት ሰሞን፣ ቆቦ ያለው የኪራይ ቤቴ በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ፋጤ ቆመዋል። በብብታቸው ሥር ትልቅ ገብስማ አውራ ዶሮ ይዘዋል። ቤት ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። ዶሮውን አስታቀፉኝ፤ የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ያችን የአባቴን ክር አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ፈታህልኝ» አሉኝ። «በል አሁን ደግሞ እሰር።»